በተጣለ መሬት ላይ መቀመጥ፦ ከረጲ እስከ መካኒሳ

በደቡብ ምዕራብ አዲስ አበባ፣ ንፋስ ስልክ ላፍቶ ክፍለ ከተማ ከኮልፌ ቀራንዮ ጋር በሚዋሰንበት አቅጣጫ፣ ከተማዋ ከግማሽ ምዕተ ዓመት በላይ ቆሻሻዋን ስትደፋበት የኖረችው ረጲ ይገኛል። ነዋሪው ቦታውን የሚያውቀው ቆሼ ብሎ ነው። ከዚያ ብዙም ሳይርቅ፣ መካኒሳ ውስጥ፣ ተበክሎ የነበረ መሬት ተጠርጎና ተክል ተተክሎበት ዞማ ሙዚየም የተባለ የጥበብ ግቢ ሆኗል። በአንደኛው መሬት ላይ ዛሬም ቢሆን አረፍ ብሎ መቀመጥ አይታሰብም። ሌላው ከመነሻው ሰው እንዲያርፍበት ታስቦ የተሠራ ነው። የተጣለ መሬት እንዴት መናፈሻ እንደሚሆን፣ በላዩ የሚቀመጠው አግዳሚም እንዴት የጥበብ ሥራ እንደሚሆን ለመረዳት የመቀመጫን ልማድ፣ የቆሻሻን ታሪክና የጭቃን ሙያ አንድ ላይ ማየት ያስፈልጋል።

በኢትዮጵያ ደጋ ቤቶች ከቆዩት መቀመጫዎች ዋነኛው መደብ ነው። መደብ ከግድግዳው ጋር ተያይዞ ከድንጋይና ከጭቃ ይሠራል፤ ቀን መቀመጫ፣ ማታ መኝታ ይሆናል። ቀላል ቢመስልም ሙያ ይጠይቃል። መጀመሪያ ውስጡ በድንጋይ፣ በጠጠርና በአፈር ይሞላና ይጠቀጠቃል። ከዚያ ከጭድ ጋር የቦካ ጭቃ ይመረግበታል። ጭቃው ሲደርቅ መሰንጠቁ አይቀርም፤ ስለዚህ ቀጠን ያለ ሁለተኛ ጭቃ ይደረብበታል፣ በመጨረሻም በእበት ይለቀለቃል። በላዩ ቁርበት ወይም አጎዛ ይነጠፋል። ለዚህ ሁሉ ወሳኙ የጭቃው ዝግጅት ነው። አፈሩና ጭዱ በውሃ ርሰው፣ በእግር እየተረገጡ፣ ቀናት ሲቆዩ ጭዱ ይለሰልስና አፈሩን አንቆ ይይዘዋል። ሳይቦካ የተመረገ ጭቃ በመጀመሪያው ክረምት ተገምሶ ይወድቃል።

የመደብ ትልቁ ጠባይ ከቤቱ ተለይቶ የማይቆም መሆኑ ነው። በርጩማ ከእልፍኝ ወደ ደጅ ይወጣል፣ ለጎረቤት ይዋሳል፣ ይሸጣል። መደብ ግን የግድግዳው አካል ስለሆነ ቤቱ ለበዓል ሲለቀለቅ አብሮ ይለቀለቃል፣ ቤቱ ሲያዘም አብሮ ያዘማል። ሲጎዳም የሚጠግነው ከሩቅ የሚጠራ ባለሙያ አይደለም፤ ጭቃና እበት ይዛ የቤቱ እመቤት ራሷ ትደፍነዋለች። ይህ ጠባይ ተራ የቤት ጉዳይ ቢመስልም፣ በሚንቀሳቀስ መሬት ላይ መቀመጫ መሥራት ለሚፈልግ ሰው ትልቅ ትምህርት እንዳለው ኋላ ይታያል።

የመቀመጫ ጥበብ በሌሎች የሀገሪቱ ክፍሎችም የራሱ ሥርዓት አለው። በሐረሪዎች ቤት ውስጥ ነደባ የሚባሉት አምስት መደቦች በተለያየ ከፍታ ይሠራሉ፤ እያንዳንዱ የማን መቀመጫ እንደሆነ በዕድሜና በክብር የተለየ ነው፤ እንግዳ ማንም ሳይነግረው ቦታውን ያውቃል። ጅማ ከአንድ ግንድ ተፈልፍሎ በሚወጣው ባለሦስት እግር በርጩማዋ ትታወቃለች። ወደ ሕዝብ አደባባይ መቀመጫ በጣም የሚቀርበው ግን የኮንሶ ሞራ ነው። በድንጋይ ካብ በታጠሩት የኮንሶ መንደሮች ሞራ የጋራ አደባባይ ነው፤ የትውልድ መሸጋገሪያ ምልክት የሆኑ እንጨቶችና ለጀግንነት መታሰቢያ የተተከሉ ድንጋዮች ይቆሙበታል፣ ሽማግሌዎች ተቀምጠው ይመክሩበታል፣ ወጣቶች ይጫወቱበታል። የኮንሶ ባህላዊ መልክዓ ምድር እ.ኤ.አ. በ2011 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ሲመዘገብ ከተጠቀሱት ነገሮች አንዱ ይህ የአደባባይ ሥርዓት ነበር። መታሰቢያና መቀመጫ በአንድ ስፍራ የተገናኙበት ይህ ልማድ፣ ዛሬ የሕዝብ ጥበብ የሚባለው ነገር ከውጭ የመጣ ብቻ እንዳልሆነ ያሳያል።

በተቀረው ደጋ የጋራ መቀመጫ ማለት የዋርካ ሥር፣ የደጀ ሰላም ድንጋይና የገበያ ዳር ጉብታ ነበር። አዲስ አበባ በ1879 ዓ.ም. ስትቆረቆርም ይህንኑ ልማድ ይዛ ነው የተነሣችው። ከተማዋ ለቤቶቿ ከባሕር ዛፍ ማገርና ወጋግራ፣ ከጭቃና ከጭድ የተሠራ ግድግዳ ስትሰጥ፣ ለመንገደኛዋ ግን ያሰናዳችው መቀመጫ አልነበረም። እግረኛ የሚያርፈው በሱቅ ደረጃ፣ በቤተ ክርስቲያን ቅጥር ሥር ወይም በቦይ ጠርዝ ላይ ነው። ከዚያ በኋላ የመጡት የከተማው እውነተኛ የጎዳና መቀመጫዎች የግል ናቸው፤ የሊስትሮው ወንበርና የጀበና ቡና ሻጯ በርጩማ። ሁለቱም ከተቀማጩ አንድ ነገር ይጠብቃሉ፣ ወይ ጫማ ማስጠረግ ወይ ቡና መጠጣት። በነጻ የሚያስቀምጥ አግዳሚ በአዲስ አበባ ለረጅም ጊዜ ብርቅ ሆኖ ኖሯል።

መናፈሻዎች ተሠርተዋል። ከእነሱ አንዱ ብሔረ ጽጌ እዚሁ ንፋስ ስልክ ላፍቶ ውስጥ ነው፤ ለዛፎቹና ለአበቦቹ ሲባል ሙሽሮች ፎቶ የሚነሡበት፣ ቤተሰብ በበዓል የሚወጣበት ቦታ ሆኖ ቆይቷል። ነገር ግን እንዲህ ያሉ መናፈሻዎች በአጥር የተከለሉና የመግቢያ ዋጋ ያላቸው በመሆናቸው የዕለት ተዕለት ማረፊያ አልሆኑም። መቀመጫዎቻቸውም በአብዛኛው ከሲሚንቶ የተሠሩ ወይም ከብረትና ከጣውላ የተገጣጠሙ ነበሩ፤ ለመቀመጥ ያህል ይበቁ ነበር፣ የሚታዩ ነገሮች ግን አልነበሩም።

የከተማዋ ቆሻሻ ታሪክ ከመቀመጫዋ ታሪክ ይልቅ የደመቀ ነው። በመጀመሪያዎቹ አሥርተ ዓመታት የቤት ውዳቂ አብዛኛው የሚበሰብስ ስለነበር ግማሹ ለጓሮ ማዳበሪያ ይሄዳል፣ ግማሹን ሌሊት የሚወርዱ ጅቦችና የሰፈር ውሾች ይጨርሱታል፣ የቀረውን ወንዝ ይወስደዋል። የሕዝቡ ቁጥር ሲያድግ ይህ አልሆነም። በ1956 ዓ.ም. ገደማ፣ ከመሐሉ ወደ 13 ኪሎ ሜትር ርቆ የነበረው ረጲ የቆሻሻ መድፊያ ሆነ። በጊዜው ቦታው ከከተማ ውጭ ነበር። በ1999 ዓ.ም. ቆጠራ የአዲስ አበባ ሕዝብ 2.7 ሚሊዮን ሲደርስ ግን ከተማዋ ረጲን አልፋ ሄዳለች፤ 36 ሄክታር የሚሆነው ክምር በመኖሪያ ቤቶች፣ በመንገድና በትምህርት ቤቶች ተከቦ ራሱን የቻለ ኮረብታ ሆኗል።

ክምሩ ሥር የሰፈረው ሕዝብ ከመጀመሪያው የተገፋ ሕዝብ ነበር። በአቅራቢያው የሥጋ ደዌ ሕሙማን ሆስፒታል በልዕልት ዘነበወርቅ ስም ከጣሊያን ወረራ በፊት ተቋቁሟል፤ በ1958 ዓ.ም. ደግሞ ለመላው አፍሪካ ባለሙያ የሚያሠለጥነው አለርት ተመሠረተ። ለሕክምና ከየክፍለ ሀገሩ መጥተው ወደ አገራቸው መመለስ ያልፈለጉ ወይም ያልቻሉ ሕሙማንና ቤተሰቦቻቸው በዙሪያው ጎጆ ቀለሱ። የቆሼ ክምር ለብዙዎቹ መተዳደሪያ ሆነ። መኪናው ሲገለብጥ ጫፉ የታጠፈ ብረት ይዘው የሚጠብቁት ለቃሚዎች ብረቱን ከፕላስቲኩ፣ ጠርሙሱን ከአጥንቱ ለይተው ይወስዳሉ፤ የተለቀመው በደላላ በኩል መርካቶ ምናለሽ ተራ ይደርሳል። በየሰፈሩ እየዞረ አሮጌ ዕቃ የሚገዛው ቆራሌውም መጨረሻው እዚያው ነው። ምናለሽ ተራ በርሜሉን ምድጃ፣ ጎማውን በረባሶ፣ ቆርቆሮውን ጭልፋና ማሰሻ ያደርገዋል። ከተማዋ በይፋ ያቋቋመችው የመልሶ መጠቀም ሥርዓት ከመኖሩ ከረጅም ጊዜ በፊት እነዚህ ሰዎች ሥራውን ይሠሩት ነበር፤ ለዚህ ውለታቸው ያገኙት ክብር ግን ጥቂት ነው።

ረጲ ይዘጋል መባል ከተጀመረ ብዙ ዓመታት ተቆጥረዋል። በፈረንሳይ የልማት ድርጅት ገንዘብ የተሠራው የሰንዳፋ መድፊያ በ2008 ዓ.ም. ሥራ ሲጀምር ጊዜው የደረሰ መስሎ ነበር። ነገር ግን የሰንዳፋ አርሶ አደሮች ቆሻሻው መሬታችንንና ከብቶቻችንን ጎዳ ብለው በመቃወማቸው ቦታው በወራት ውስጥ ቆመ፤ መኪናዎቹ እንደገና ወደ ረጲ ዞሩ። በዓመቱ፣ መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. ቅዳሜ ምሽት፣ የክምሩ አንድ ጎን ተንዶ ከሥሩ የነበሩትን ቤቶች ዋጠ። ከ110 በላይ ሰዎች ሞቱ፤ አብዛኞቹ ሴቶችና ሕፃናት ነበሩ። የሦስት ቀን ብሔራዊ ሐዘን ታወጀ። ስለ መንሥኤው ብዙ ተብሏል፤ ቁልቁለቱ ከመጠን በላይ የቆመ ነበር፣ በውስጡ ጋዝና ውሃ ተጠራቅሞ ነበር፣ ግርጌውም ይቆፈር ነበር። ለዚህ ጽሑፍ ጉዳይ ዋናው ነገር ግን አንድ ነው፤ የቆሻሻ ክምር መሬት ቢመስልም መሬት አይደለም።

ከአደጋው በኋላ ሁለት ሥራዎች ተሠርተዋል። የመጀመሪያው የረጲ የደረቅ ቆሻሻ ኃይል ማመንጫ ነው፤ ግንባታው ከአደጋው በፊት ተጀምሮ ነሐሴ 13 ቀን 2010 ዓ.ም. ተመርቋል፤ በቀን እስከ 1,400 ቶን ቆሻሻ እንዲያቃጥል ታስቦ የተሠራ ነው። ሁለተኛው ይበልጥ ዝምተኛ ሥራ ነው፤ በጃፓን መንግሥት ድጋፍና በተባበሩት መንግሥታት የሰፈራ ፕሮግራም አማካይነት ፉኩኦካ የሚባለው ዘዴ ቆሼ ላይ ተሞከረ። ዘዴው እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ በፉኩኦካ ዩኒቨርሲቲና በፉኩኦካ ከተማ አስተዳደር ትብብር የተገኘ ነው። ቀዳዳ ያላቸው ቧንቧዎች በክምሩ ግርጌ ይዘረጋሉ፣ ሌሎች ደግሞ ቀጥ ብለው ወደ ላይ ይወጣሉ። የታችኛው ቧንቧ ከቆሻሻው የሚጨመቀውን ፍሳሽ ያወጣል። ክምሩ በመበስበስ ስለሚሞቅ ትኩሱ ጋዝ በቆመው ቧንቧ ወደ ላይ ሲወጣ ቀዝቃዛ አየር ያለ ምንም ማሽን በታች በኩል ይሳባል። አየር ያገኘ ቆሻሻ ቶሎ ይበሰብሳል፣ የሚያወጣው ሚቴንም ይቀንሳል። መብራትና ሞተር የማይፈልግ በመሆኑ ለአዲስ አበባ አቅም የሚስማማ ነው፤ ከማቃጠያው ፋብሪካ ይልቅ ብዙ ሊወራለት የሚገባው ይህ ሳይሆን አይቀርም።

በእንዲህ ዓይነት ክምር ላይ መናፈሻ የሚሠራ መሐንዲስ ሦስት ነገሮች ያስጨንቁታል። አንደኛው መስመጥ ነው። የሚበሰብስ ነገር መጠኑ ይቀንሳል፤ የተዘጋ ክምር በዓመታት ውስጥ ከመጀመሪያ ከፍታው እስከ ሩብ ያህል ሊያጣ ይችላል፤ የሚሰምጠውም እኩል አይደለም፤ አንዱ ጎን ወርዶ ሌላው ይቀራል። ጥልቅ መሠረት የሌለበት ከባድ የሲሚንቶ አግዳሚ በዚህ መሬት ላይ ይሰነጠቃል ወይም ይዘማል፤ ጥልቅ መሠረት ከተቆፈረለት ደግሞ ቆሻሻውን የሸፈነውን የሸክላ አፈር ይበሳል። ስለዚህ መቀመጫው ከላይ የሚቀመጥ፣ በሰፊ ግርጌ ክብደቱን የሚያከፋፍል፣ ሲዘም ተነሥቶ የሚስተካከል መሆን አለበት። ሁለተኛው ጋዝ ነው። ሚቴን በአየር ውስጥ ከ5 እስከ 15 በመቶ ሲደርስ በብልጭታ ይፈነዳል፤ ውስጡ ባዶ የሆነና የታሸገ መቀመጫ ጋዙን የሚያጠራቅም ሳጥን ይሆናል፤ ውስጡ ወይ መሞላት ወይ መተንፈሻ ሊተውለት ይገባል። ሦስተኛው ውሃ ነው። በዓመት ወደ 1,200 ሚሊ ሜትር ዝናብ በሚያገኝ፣ አብዛኛውንም በክረምት ወራት በሚቀበል ከተማ ውስጥ ውሃው ወደ ክምሩ እንዳይሰርግ መሬቱ ተዳፋት ይደረጋል፤ በዚህም ምክንያት ሜዳ መቀመጫ ቦታ የሚገኘው በእርከን ብቻ ነው። ሥሩ ወደ ታች የሚሄድ ዛፍም ሽፋኑን ስለሚወጋ ጥላ በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ከዛፍ አይገኝም፤ ከዳስ ወይም ከማማ ነው።

እዚህ ላይ መደብ ተመልሶ ይመጣል። ውስጡ የተሞላ፣ ሰፊ ግርጌ ያለው፣ ሲሰነጠቅ በእጅ የሚደፈን፣ ጥልቅ መሠረት የማይፈልግ መቀመጫ ከተባለ መደብ መግለጫውን ያሟላል። ጉድለቱ ዝናብ ነው። በቤት ውስጥ ጣራ ያለው ጭቃ ክረምቱን በደህና ያልፋል፤ ሜዳ ላይ ግን ከግርጌው ድንጋይ፣ ከላዩ ኖራ ወይም የተወቀረ ድንጋይ ካልተደረገለት ሐምሌን አይሻገርም። ጭቃን ከጎጆ አውጥቶ በአደባባይ ማቆም በአዲስ አበባ በቁም ነገር የተሞከረው መካኒሳ ውስጥ ነው።

ዞማን የመሠረቱት ሠዓሊ ኤልያስ ስሜና የሥነ ጥበብ አዘጋጅና የሥነ ሰብእ ባለሙያ መስከረም አሰግድ ናቸው። ኤልያስ አዲስ አበባ ተወልዶ ያደገ፣ እ.ኤ.አ. በ1990 ከአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት የተመረቀ ነው። ትምህርት ቤቱ በ1950 ዓ.ም. ገደማ በሠዓሊ አለ ፈለገ ሰላም የተመሠረተውና ዛሬ በስማቸው የሚጠራው ነው። ሁለቱ ባለሙያዎች እ.ኤ.አ. በ2002 ዞማ የዘመናዊ ሥነ ጥበብ ማዕከልን አቋቋሙ፤ ስሙ በወጣትነቷ በሕመም ላረፈችው ሠዓሊ ዞማ ሽፈራው መታሰቢያ ነው። በሚቀጥሉት ዓመታት በገጠር እየተዘዋወሩ ባህላዊ የቤት አሠራርን አጠኑ። መካኒሳ ያገኙት መሬት ተበክሎ የነበረ ነው። አካባቢው ከመሐል ከተማ የሚወርዱት የአቃቂ ገባር ወንዞች የፋብሪካና የቤት ፍሳሽ ይዘው ወደ አባ ሳሙኤል ግድብ የሚያልፉበት በመሆኑ አፈርን ማከም ከግንባታው እኩል ሥራ ነበር። ሙዚየሙ እ.ኤ.አ. በ2019 ለሕዝብ ተከፈተ።

ግቢው የተሠራበት ዋናው ቁስ ከጭድ ጋር የቦካ ጭቃና ድንጋይ ነው። ግድግዳዎቹ ተለስነው አልቀሩም፤ ጭቃው ሳይደርቅ በእጅ ተቀርጾ መስመር፣ ጠመዝማዛና ቅርጽ ወጥቶበታል። መንገዱ በድንጋይ ተነጥፏል፣ የሚበላ አትክልት በአበባው መካከል ተተክሏል፣ ላሞች ይረባሉ፣ ሕፃናት የሚማሩበት ትምህርት ቤትም አለ። ሥዕል የሚታይበት አዳራሽና ሰው የሚውልበት ጓሮ ተለያይተው አልተሠሩም። በደጋው ቤት ግድግዳው መደብ እንደሚሆን ሁሉ እዚህም ሕንፃው፣ መሬቱና ጥበቡ አንድ አካል ናቸው። ይህ የሥራው ጥንካሬ ነው፤ ብዙ አዳዲስ መናፈሻዎች ቅርጻ ቅርጹን አንድ ቦታ፣ አግዳሚውን ሌላ ቦታ ተክለው ሁለቱንም ብቸኛ ያደርጓቸዋል።

የኤልያስ ሥራ ከቆሼ ጋር የሚያገናኘው ሌላ ክርም አለ። ለሥዕሎቹ የሚጠቀመው ከምናለሽ ተራና ከመሰል ገበያዎች የተገዛ ውዳቂ ነው፤ አዝራር፣ ቆርኪ፣ ከአሮጌ ኮምፒውተርና ስልክ የወጣ ሽቦና የኤሌክትሮኒክስ ሰሌዳ። ሽቦውን እንደ ሙዳይ ሰፊ እየጠለፈ፣ ሰሌዳውን እየደረደረ ከሩቅ ሲታዩ ከአውሮፕላን እንደተነሣ የእርሻ ፎቶ የሚመስሉ ትላልቅ ሥራዎች ይሠራል። ታይትሮፕ የሚባሉት ተከታታይ ሥራዎቹ በዓለም ታላላቅ ሙዚየሞች ታይተዋል፤ እ.ኤ.አ. በ2019 የስሚዝሶኒያን የአፍሪካ ሥነ ጥበብ ሽልማት አግኝቷል። ለቃሚው ከክምሩ የለየው፣ ቆራሌው የተሸከመው ነገር በዚህ መንገድ የሙዚየም ዕቃ ይሆናል። በዚያው ዓመት ሁለቱ መሥራቾች በታላቁ ቤተ መንግሥት ግቢ በመስከረም 2012 ዓ.ም. በተከፈተው አንድነት ፓርክ ውስጥ የአትክልት ስፍራ ሥራ ሠርተዋል፤ የመካኒሳ ሙከራ በመንግሥት ግቢ ተቀባይነት ያገኘበት ጊዜ ነበር።

ከውዳቂ መቀመጫ መሥራት በሌላው ዓለምም የቆየ ነው። በባርሴሎና ጉኤል ፓርክ ውስጥ ያለው እንደ እባብ የሚጠማዘዝ ረጅም አግዳሚ እ.ኤ.አ. ከ1910 እስከ 1914 ባለው ጊዜ በአንቶኒ ጋውዲ ዕቅድ ሲሠራ፣ ባልደረባው ጆሴፕ ማሪያ ጁጆል በተሰባበረ የሸክላ ንጣፍና ሳህን ስብርባሪ ሸፈነው። በዓለም ላይ ከታወቁት የሕዝብ መቀመጫዎች አንዱ ከውዳቂ የተሠራ ነው ማለት ነው። በህንድ ቻንዲጋር ደግሞ ኔክ ቻንድ የተባለ የመንገድ ሥራ ተቆጣጣሪ ለዓመታት ከመንግሥት ተደብቆ ከፍርስራሽ፣ ከተሰበረ ሸክላና ከአምባር ስባሪ አንድ ሙሉ የድንጋይ መናፈሻ ሠራ፤ ሲገኝበት ከመፍረስ ተርፎ እ.ኤ.አ. በ1976 ለሕዝብ ተከፈተ።

ቆሻሻ መጣያን ራሱን መናፈሻ ካደረጉት መካከል ለአዲስ አበባ የሚቀርበው የካይሮው አል አዝሃር ነው። 30 ሄክታር የሚሆነው ቦታ ለአምስት መቶ ዓመታት ያህል የከተማዋ ፍርስራሽና አቧራ ሲደፋበት የኖረ ጉብታ ነበር፤ በአጋ ካን ድርጅት ሥራ ተጠርጎና ተቀርጾ እ.ኤ.አ. በ2005 ተከፈተ። ከሥራው የሚጠቀሰው አንድ ጥበብ፣ በመናፈሻው አጠገብ ያለው የደርብ አል አሕመር ሰፈር ነዋሪዎች በግንባታና በድንጋይ ጥረባ ሥልጠና ማግኘታቸውና ቤቶቻቸው አብረው መታደሳቸው ነው። ሴኡል ውስጥ ናንጂዶ እ.ኤ.አ. ከ1978 እስከ 1993 ወደ 92 ሚሊዮን ቶን ቆሻሻ ተከምሮበት ከ90 ሜትር በላይ ከፍ ያለ ተራራ ሆነ፤ ተሸፍኖ በ2002 የዓለም ዋንጫ ዓመት መናፈሻ ሲደረግ ከውስጡ የሚወጣው ጋዝ ለአካባቢው ሕንፃዎች ማሞቂያ ዋለ። ኒው ዮርክ ፍሬሽ ኪልስን እ.ኤ.አ. በ1948 ከፍታ በ2001 ዘጋች፤ 890 ሄክታር በሚሆነው መሬት ላይ የሚሠራው መናፈሻ በየክፍሉ እየተከፈተ ነው።

ስለ ፍሬሽ ኪልስ ሲነሣ ሚርል ላደርማን ኡኬልስ የግድ ትጠቀሳለች። ይህች አርቲስት እ.ኤ.አ. ከ1977 ጀምሮ በኒው ዮርክ ጽዳት መሥሪያ ቤት ያለ ደመወዝ የምትሠራ ባለሙያ ሆና ቆይታለች። በ1979 እና በ1980 መካከል ከተማዋን እየዞረች የ8,500 የጽዳት ሠራተኞችን እጅ አንድ በአንድ ጨብጣ አመስግናለች። ለፍሬሽ ኪልስ ያዘጋጀችው ላንዲንግ የሚባል ሥራም ሰው ቆሞና ተቀምጦ ከላይ አካባቢውን የሚመለከትበት መድረክ ነው። መቀመጫን የጥበብ ሥራ የሚያደርገው ጌጥ ብቻ አለመሆኑን ከዚህ በላይ የሚያስረዳ ምሳሌ አይገኝም፤ ተቀማጩ ምን እንዲያይና ማንን እንዲያስብ እንደሚደረግ ጭምር ነው። ቆሼ ላይ ወደፊት አግዳሚ ከተቀመጠ የሚመለከተው አቅጣጫ የመጀመሪያው ውሳኔ መሆን አለበት፤ ወደ ከተማው ማየትና በ2009 ዓ.ም. መሬቱ ወደ ተናደበት ጎን ማየት አንድ አይደለም።

በአዲስ አበባ የአግዳሚ ቁጥር በቅርብ ዓመታት በጣም ጨምሯል። ወዳጅነት ፓርክ በ2012 ዓ.ም. ማብቂያ ተከፍቷል፤ በ2016 ዓ.ም. የተጀመረው የኮሪደር ልማት ደግሞ በዋና ዋና መንገዶች ዳር መቀመጫ አስቀምጧል። ያለ ቡና፣ ያለ ጫማ ማስጠረግ መቀመጥ የሚቻልበት ጎዳና መገኘቱ ቀላል ለውጥ አይደለም። አብዛኞቹ መቀመጫዎች ግን አንድ ዓይነት ናቸው፤ ቦሌ ያለው ከፒያሳው አይለይም፣ ከተሠሩበት ሰፈር የወሰዱት ነገርም የለም።

የጭቃና የድንጋይ መቀመጫ ይህንን ክፍተት ሊሞላ ይችላል፤ ዋጋው ግን በግንባታው ጊዜ ተከፍሎ የሚያልቅ አይደለም። የደጋው ቤት እመቤት መደቧን በየዓመቱ እንደምትለቀልቀው ሁሉ የአደባባይ ጭቃም ከእያንዳንዱ ክረምት በኋላ ምርጊት ይፈልጋል። ዞማ ይህን የሚችለው ግቢውን የሚያውቅ ሠራተኛ ስላለው ነው፤ የከተማ መናፈሻ በጀት ደግሞ ብዙ ጊዜ ለምረቃ እንጂ ለእድሳት አይመደብም። ረጲን በሚመለከት ሥራው ከዚህም ይቀድማል። የፉኩኦካ ቧንቧዎች ክምሩ እስኪረጋ ድረስ ለአሥርተ ዓመታት ቆመው ይቆያሉ፤ መስመጡም በየዓመቱ እየተለካ ይመዘገባል። በሴኡልና በኒው ዮርክ እንደታየው የመናፈሻው የመጀመሪያ ካርታ የጋዝ ቧንቧዎች ካርታ ነው፤ መንገዱም፣ እርከኑም፣ መቀመጫውም የሚሰመሩት በእነዚያ ቧንቧዎች መካከል በሚቀረው ቦታ ላይ ነው።